ስለት የሚበላው ፑሊ

በማለዳው ሚኒባስ ከጎንደር የተነሳሁት ተራራ ልጎበኝ አልነበረም። የዳባቷ ባለ ወፍጮ ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የሸጥኩላቸው ፑሊ አልቆረጥ ብሎ ወፍጯቸው እንደቆመ ደውለው ነበር። ፑሊ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሚዞርበት መንኮራኩር ነው፤ የመሃል ቀዳዳው በወፍጮው ዘንግ ልክ ብረት በሚቆርጠው ማሽን፣ በቶርኖ፣ ይሰፋል። የኔው ከብረት ዱቄት ተጨምቆ የተጋገረ ነው።

ኮሶዬ ላይ ሹፌሩ ለፎቶ አንሺዎች ቆመ። ገደሉ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ሰዓቴን አየሁ።

ዳባት ስደርስ ወፍጮ ቤቱ ዝግ ነው፤ እህል የጫኑ አህዮች ወደ ሌላ ወፍጮ ይታጠፋሉ። ወይዘሮ ጥሩዬ ሰላምታዬን ሳይመልሱ፣ "ልጄ፣ ዛሬ ካልዞረ ደንበኞቼ አይመለሱም" አሉኝ። ብቻዬን አላመኑኝም፤ ፑሊውን ታቅፈው ወደ ደባርቅ ቶርኖ ቤት አብረውኝ ተሳፈሩ።

ደባርቅ

የቶርኖ ባለሙያው አባተ ፑሊውን ሲሞክር የደነዙበትን ስለቶች ደርድሮ ጠበቀን።

"ነጋዴው፣ አሸዋ ነው የሸጥክላቸው።"

እስቲ ሲቆርጥ ልይ አልኩት። ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ሲያፈስበት ብረቱ እንደ ደረቅ መሬት መጠጠው፤ ስለቱም ጮኸ። ለካ ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፤ ስለቱ ኮብልስቶን ላይ እንደሚሄድ ጋሪ እየተንገጫገጨ ነው የሚያልቀው። አባተ አንድ ደህና ስለት ቀርቶታል፤ እሱን አላበላም አለ። እስከ ምሳ ታገሰኝ ብዬ ወጣሁ።

በቅሎ የሚከራይበት ጋ አንድ ኮርቻ ሰፊ ክሩን በሰም ያሻል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ያለዚያ ቆዳው ክሩን ይበላዋል አለኝ። የብረቱንም ቀዳዳዎች ሰም ቢሞላቸውስ ብዬ፣ ቀጥታ ጠጅ ቤት ገብቼ ከማሩ የተረፈውን ሰም፣ ሰፈፍ፣ ገዛሁ።

አባተ ሳቀ። "ጧፍ ልታደርገው ነው?"

ወይዘሮ ጥሩዬ ግን አልሳቁም። "ዳሩን እንዳትነካ። ሰም ከነካው ቺንጋው ይንሸራተታል።"

እውነታቸውን ነው። የመሃል ቀዳዳውን ሥር በጭቃ ደፍነን፣ መሃሉን ብቻ በከሰል አሞቅን፤ የቀለጠውን ሰም ጨመርንበት። ጠጣው። ደገምን። ሦስተኛው ላይ ጠገበና ሰሙ ከላይ ቀረ። እስኪበርድ ጠበቅን።

አባተ የመጨረሻ ስለቱን አሹሎ፣ ውኃውን ትቶ፣ ቶርኖውን በዝግታ አዞረ። ፍቅፋቂው ያለ ጩኸት ይወርድ ጀመር። ቀዳዳው ልክ ሲመጣ ስለቱን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ አልደነዘም።

"ሌላ ፑሊ አለህ?" አለኝ።

መልስ

ሲመሽ ዳባት ላይ ፑሊው ገባ፣ ቺንጋው ያዘ፣ ዱቄት ወረደ። ወይዘሮ ጥሩዬ መንገድ ላይ ወጥተው፣ ወደ ሌላ ወፍጮ የሚያልፈውን አህያ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ በገመዱ ይዘው መለሱት። እኔን ረሱኝ፤ ደስ አለኝ።

ጎንደር ስገባ የቀሩትን ፑሊዎች አውጥቼ ምድጃ አነደድኩ። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ ዕቃ ደንበኛ ቤት ደርሶ ከሚያስቸግር እኔ ቤት ሰም ጠጥቶ መውጣት እንዳለበት ነው። ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሰም በነጻ አይገኝም።