የጠፋው ሠላሳ የፈረስ ጉልበት

በታክሲ ማኅበሩ ውስጥ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ጠብታ» ነበር የሚሉት። ሌላው ሾፌር በአንድ ሊትር ቤንዚን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲሄድ እሱ አሥራ ሁለት ስለሚሄድ፣ «ይሄ ሰው መኪናዋን በጠብታ ነው እንዴ የሚያጠጣት?» ብለው ያወጡለት ስም ነው። ዘዴውን ሁሉም ያውቁታል፤ የእሱን ያህል የተካነበት ግን አልነበረም። ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ፍሪ ያደርግና መኪናዋን በገዛ ክብደቷ ይለቃታል። ከኮረብታው አናት እስከ ወንዙ ድልድይ፣ ፍሬኑን ቆንጠጥ ለቀቅ እያደረገ፣ ነዳጅ መስጫውን ሳይነካ ይወርዳል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ወርዷል።

ያቺ መኪና ጠብታ ሃምሳ አንድ ዓመት በሞላው ሰሞን አረፈች። መካኒኩ ሞተሯን አይቶ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋና፣ «እግዜር ያጽናህ» አለው። ሲቀልድም አልነበረም።

እንግዲህ ወደ መሪው የሚመለስበት አንድ በር ብቻ ቀረው። ማኅበሩ ለአሥራ ሁለቱ አባላቱ መኪና ሊገዛ እየመከረ ነበር። ምርጫው ሁለት ነው፤ ያገለገለ የቤንዚን መኪና፣ ወይም በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ፣ አዲስ የወጣ ሃይብሪድ። ያገለገለው እጅ በእጅ ነው የሚሸጠው፤ የሃይብሪዱ ሻጭ ግን ለዓመታት እየሠሩ ለሚከፍሉ ይሰጣል። ማኅበሩ ሃይብሪዱን ከመረጠ ጠብታ ሾፌር ሆኖ ይቀጥላል። ካልመረጠ፣ በዚህ ዕድሜው የሰው ግቢ በር መጠበቅ ነው ዕጣው።

ጠብታ ፊደል የቆጠረው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ያለ አስተማሪ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ፣ ከሱቅ ማስታወቂያና ከተጣለ ጋዜጣ። በዚህም ፈጣሪውን ሳያመሰግን የዋለበት ቀን የለም። ስለዚህ የሃይብሪዱን ማስተዋወቂያ ወረቀት አራት ጊዜ አንብቦ ነው ስብሰባው ላይ የቆመው።

«በሊትር ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» አለ። «ጉልበቷ መቶ ሃያ የፈረስ ጉልበት ነው። ዘጠናው ከቤንዚን ሞተሩ፣ ሠላሳው ከባትሪው። ማደያ ሰልፍ ላይ የምንጨርሰው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።»

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ይህ ሰው «አላምንም» ይባላል፤ ዝናብ እየዘነበበት እንኳ ዝናብ መሆኑን በእጁ ዳስሶ ነው የሚቀበለው ይሉታል።

«ወረቀት ዳገት ወጥቶ ያውቃል?» አለ።

«ጋሼ፣ የጻፉት እኮ መሐንዲሶች ናቸው።»

«ታዲያ እነሱ ይንዷት።»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «አትጨቃጨቁ። ሻጩ ለአንድ ሳምንት ያውሰናል። የቤንዚን ጋኗ ጢም ተደርጎ ይሞላ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ትነዳ፣ ተመልሶ ይሞላና የበላችውን እናያለን። የሚነዳትም ከመካከላችን ቆጣቢው ነው። ጠብታ!»

ሰኞ ጠዋት ሙከራው ተጀመረ። ከማደያው እስከ ድልድዩ አሥር ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ መልሱ አሥር ኪሎ ሜትር ዳገት፤ አምስት ምልልስ። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ አላምንምና ሌላ አንድ አባል ከኋላ ተቀመጡ። ጠብታ ያለ የሌለ ጥበቡን አወጣ። ኮረብታው ጫፍ ሲደርስ ማርሹን ፍሪ አድርጎ ለቀቃት፤ እንደ ዘይት ወረደች። የመጀመሪያውን ዳገት ደህና ወጣች። በሁለተኛው አቃሰተች። በሦስተኛው ሞተሯ ብቻ ይጮኻል እንጂ እርምጃዋ የሕመምተኛ ሆነ፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቀድሟት ሲያልፍ፣ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች እጃቸውን አውለበለቡላቸው።

«ጠብታ» አለ አላምንም ከኋላ፣ «ዘጠናዎቹ ፈረሶች እነዚህ ናቸው። ሠላሳዎቹ ለግጦሽ ወርደዋል እንዴ?»

ማደያ ሲደርሱ ሰባት ሊትር ገባላት። በሊትር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ሃያ ሁለት ብሎ የተናገረው ራሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቀና ብላ አየችው።

«ምነው፣ ፊትህ ካልተተኮሰ ጨርቅ ብሶ ተጨማደደ?»

ነገራት። እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አንሥታ እስኪጨርስ ሰማችው።

«ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ወፍራም መጽሐፍ አንብበኸዋል?»

«መመሪያውን? ሃያ ስድስት ዓመት ነድቼ መንዳት ከመጽሐፍ ልማር?»

«እኔም ሠላሳ ዓመት ሰፍቻለሁ» አለች። «ይህን የስፌት መኪና ያመጣህልኝ ቀን ግን ክሩ የሚዞርበትን ከሥዕሉ አይቼ ነው ያስገባሁት። አንተ እኮ ማንበብህን ለሰፈሩ ሁሉ የምታወራ ሰው ነህ!»

ሳቁ አመለጠው። መጽሐፉ በላስቲክ እንደታሸገ መኪናዋ ውስጥ ነበር። ደጃፉ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ማንበብ ጀመረ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ አንድ ገጽ አጋማሽ ሲደርስ ጣቱ ቆመች፦

«ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሹን ፍሪ አያድርጉ። መኪናዎ ባትሪዋን የምትሞላው ሲወርዱና ፍሬን ሲይዙ ነው። ማርሹ ፍሪ ከሆነ ባትሪው አይሞላም፤ በሚቀጥለው ዳገትም ጉልበት ያጥርዎታል።»

ሁለተኛ አነበበው። ከዚያ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ግንባሩን ያዘ። ሠላሳውን ፈረስ የሰረቀው ሌባ እሱ ራሱ ኖሯል! የተመሰገነበት ቁጠባ፣ ስም ያወጣለት ጥበብ፣ አዲሲቷን መኪና በየቁልቁለቱ ጦሟን ሲያሳድራት ነበር። ቀና ብሎ፣ «ተመስገን፣ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ» አለ። ለጥፋቱ ሲያመሰግን ሚስቱ ስትሰማው የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ መርፌዋን ይዛ ከት ብላ ሳቀች።

ሊቀመንበሩ ገጹን አነበበና ሁለተኛ ሙከራ ፈቀደ። አላምንም ግን፣ «የተሸነፈ ሁሉ ጨዋታው ይደገም ይላል» ብሎ አጉረመረመ።

«ሐሙስ ጠዋት፤ የመጨረሻ» አለ ሊቀመንበሩ። «ካልሆነ ያገለገለውን ለመግዛት እንፈርማለን። መኪናዋም ዓርብ ትመለሳለች።»

አሁን ጠብታን ያስጨነቀው መኪናዋ አልነበረችም፤ ቀኝ እጁ ነው። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቁልቁለት ባየ ቁጥር ወደ ማርሹ የሚሄድ እጅ በአንድ ገጽ ንባብ አይገራም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ከፊት ወንበር ሚስቱን አስቀመጠ።

«እጄ ወደ ማርሹ ስትሄድ ካየሽ፣ ምቺያት» አላት።

«በገዛ ፈቃድህ?» አለች፤ የወንበሩን ቀበቶ እያሰረች።

ሊቀመንበሩ፣ አላምንምና ያ ሌላው አባል ከኋላ ተጣበው ገቡ። የመጀመሪያው ቁልቁለት አፋፍ ላይ የጠብታ እጅ ባለቤቷን ሳታስፈቅድ ተነሣች። ጧ! የሚስቱ መዳፍ አረፈባት። ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። በሁለተኛው ምልልስም ጧ! አለ። በሦስተኛው እጁ ተነሥታ፣ አየር ላይ ቆማ፣ አፍራ ተመለሰች። በአራተኛው ከመሪው ላይ ንቅንቅ አላለችም። ፍሬኑን ለስለስ አድርጎ ሲረግጥ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት አንድ በአንድ ሲሞላ ይታያል።

ዳገቱንማ ምን ልበላችሁ! አምስት ሰው ይዛ፣ ሞተሯ ሳይጮህ፣ የመጨረሻውን ጠመዝማዛ እንደ ሜዳ ወጣችው። ሊቀመንበሩ የፊት ወንበሩን ጨብጦ፣ «ኧረ ሰውዬ፣ ቀስ!» ብሎ ጮኸ። አላምንም በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

የቀሩት የማኅበሩ አባላት ተሰብስበው በሚጠብቁበት ማደያ፣ ቆጣሪው አራት ነጥብ ሦስት ሊትር ብሎ ቆመ።

«ቆይ! አየር ይዞ ነው እንጂ አልሞላም» አለ አላምንም። ወርዶ፣ ትከሻውን ከመኪናዋ ጎን ገጥሞ፣ በዚያ ዕድሜው ወዘወዛት። «ጨምር!» ቀጂው ጨመረ። እንደገና ወዘወዛት። «ጨምር!» ቤንዚኑ አፉ ድረስ መጥቶ ተንጠባጠበ። አራት ነጥብ አምስት።

ሊቀመንበሩ በስልኩ አካፈለና ለሁሉም አሳየ። ሃያ ሁለት፣ ከትንሽ ትርፍ ጋር።

ሁሉም ዞረው አላምንምን አዩት። ሽማግሌው ላቡን ጠረገ፤ ቆጣሪውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ጠብታን አየ።

«ሊቀመንበር» አለ፣ «የት ነው የሚፈረመው? መጀመሪያ እኔ ነኝ።»

ጩኸትና ጭብጨባው ሰልፍ የያዙትን ሾፌሮች ሁሉ አንገታቸውን በመስኮት አስወጣቸው። ጠብታ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየችው ሚስቱ ብቻ ነበረች። በዚያው ቦታ የቀሩትን አሥራ አንድ አባላት አዲስ መንዳት እንዲያስተምር መረጡት።

የመጀመሪያው ተማሪ እዚያው መሪውን ያዘ። አላምንም ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ የሽማግሌው ቀኝ እጅ ሽው ብላ ወደ ማርሹ ሄደች፤ ጠብታም ሳይራራ፣ በሙሉ መዳፉ፣ ጧ! አደረጋት።