በውሳኔው አልስማማም

የያዙኝ እሠራበት ከነበረው ጤና ጣቢያ፣ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ነው። ጥፋቴ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ የሌለው ሰው በነፃ አይታከምም የሚለውን ደንብ ከፍተኛው ፍርድ ቤት አጸናው። እኔም «ውሳኔው ስህተት ነው፤ የመርካቶ ተሸካሚ የት ሄዶ ይታከም?» ብዬ ጽፌ በጤና ጣቢያው በር ላይ ለጠፍኩ። «ሕዝብ በማነሳሳት» ብለው ፖሊስ ጣቢያ አሰሩኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ዘጠኝ ሴቶች ነበርንባት። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ከግድግዳው ማዶ የሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል።

አጠገቤ የተኙት እናት ጎዳና ላይ በርበሬ ሲሸጡ በአፈሳ የተያዙ ናቸው። እግራቸውን ሚስማር ወግቷቸው አብጧል። ስነካው ያቃጥላል።

«ስኳር አለብዎት እትዬ?»

«ማን ነግሮኝ ልጄ? ተመርምሬ አላውቅም።»

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂዋ ፖሊስ ክፉ አልነበረችም፤ ደግፋ እኔው የምሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰደቻቸው። ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። እግራቸው ላይ የተጠቀለለው ጨርቅ እንኳ አልተፈታም።

«መታወቂያ አምጡ፣ ካልሆነ ክፈሉ አሉን» አለች።

«እስረኛ ናቸው እኮ!»

«ምን ላድርግ እህቴ? ፍርድ ቤት የወሰነውን እኔ ልሻረው?»

የመለሷቸው ባልደረቦቼ ናቸው። እኔ ስወሰድ ቆመው አይተዋል።

ጠባቂዋን ሙቅ ውሃና ጨው ለመንኳት፤ አመጣችልኝ። ቁስሉን አጥቤ ከጋውኔ በቀደድኩት ጨርቅ አሰርኩት። ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረም።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝና ወረቀት ገፋልኝ። «ውሳኔው ትክክል መሆኑን አምኜ ተጸጽቻለሁ» ይላል።

«ፈርሚና ቤትሽ ግቢ። ልጆች አሉሽ አይደል?»

ሁለት ልጆች አሉኝ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ ከታች እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በውሳኔው አልስማማም። ዛሬ አንዲት እናት ሳይታከሙ ተመልሰዋል።» ስሜንና ሙያዬን ጨምሬ ፈረምኩ። እስክሪብቶውን ከድኜ መለስኩለት።

አሥራ ስምንት ቀን እስር ተጨመረብኝ። እትዬን በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጡ በመኪና ወሰዷቸው። እግራቸው መቆረጡን የነገረችኝ ጠባቂዋ ናት።

ደንቡ ከዓመታት በኋላ ተቀየረ። ተሳስተን ነበር ያለ ግን የለም። ልጆቼ ያን ቀን አልስማማም ብዬ በመፈረሜ የምኮራ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጤና ጣቢያው ከታሰርንበት ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነበር የሚርቀው፤ መድኃኒቱ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ በቃሌ አውቀው ነበር።