አዎ ያልኩባቸው ጠዋቶች

ባለቤቴ የሞተው በሁዳዴ ነው፤ ጦርነቱ ካርቱም ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት። ለቀስተኛው እየመጣ "ምን ነካው?" ሲለኝ "ሙቀት" እያልኩ መለስኩ። ውሸት ነበር። ውሸቱን ይዤ ፍልሰታ እስኪቃረብ ቆየሁ። ይህን የምጽፈው እንዴት እንደተፋሁት ለማስታወስ ነው፤ በቀን አንድ ገጽም አይሞላልኝም።

የምንኖረው ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ግቢ ከሦስት ቤተሰብ ጋር ተጋርተን ነበር። እሱ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ ካሉት ወርክሾፖች በአንዱ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። እኔ ደግሞ አገሬ ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ የሰው ቤት እየሠራሁ፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች ደብዳቤና ማመልከቻ እጽፍ ነበር። እሱም ማንበብ አይሆንለትም። በቤታችን የሚነበብ ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ያልፋል።

ስኳር በሽታ ከያዘው ዓመታት ሆነውታል። ጾሙን ግን አልተወም። የነፍስ አባቱ "አንተ በሽተኛ ነህ፣ ተፈቅዶልሃል" ሲሉት "ገና ቆሜ እሄዳለሁኮ አባ" ይላቸው ነበር። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ አንዲት ሱዳናዊት ዶክቶራ ነበረች። የእኛን ጾም ከእኛ እኩል ታውቀዋለች። ጾም በገባ ቁጥር ባለቤቴ ሄዶ ፊቷ ይቀመጣል፤ አፉን ግን አይከፍትም። እየጾምኩ ነው ብሎ ማውራት ለእሱ ጾሙን መብላት ነው፤ በእናቱ ቤት እንደዚያ ነው ያደገው። ዶክቶራዋ የደረቀ ከንፈሩን አይታ ትስቃለች።

"ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ እኔ ምንም አልጠየቅኩህም፤ አንተም ምንም አልነገርከኝም" ትለዋለች። ከዚያ የጠዋቷን ክኒን ወደ ማታ ታዛውራለች፤ በካርቶኑ ላይ ጨረቃ ትስልለታለች። በዚህ ዓይነት ብዙ ጾም አለፈ።

በስልክ እናክማለን የሚለው ኩባንያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ፦ ፈገግ ያለ ሽማግሌ፣ በእጁ ስልክ፣ ከሥሩ "ሐኪምዎ በኪስዎ ነው" የሚል ጽሑፍ፤ በዐረብኛም፣ በአማርኛም። በአማርኛ! ሃያ ዓመት በኖርንበት ከተማ በቋንቋችን አናግሮን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ እንደ ዘመድ ተቀበልነው። የስኳር ሕመምተኞች ከዶክቶራዋ ጋር የሚገናኙበት ቀን ግን ቀረ። "መምጣት አያስፈልግም፤ ስልኩ ይከታተላችኋል" ተባልን። መድኃኒቱን ስልክ አሳይቶ በመስኮት መቀበል ሆነ።

ስልኩ በየጠዋቱ "ቁርስ ተመግበዋል?" ብሎ ይጠይቃል። "አዎ" እና "አይ" የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉት። አዎ ከተባለ "መድኃኒትዎን ይውሰዱ" ይልና አረንጓዴ ኮከብ ይሰጣል።

የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን "አይ" የሚለውን ተጫንኩ። ስልኩ ቀላ። በግማሽ ሰዓቱ እንደገና ጠየቀ፤ ደግሞም ጠየቀ። ቀትር ላይ "ምክር የማይከተሉ ከክትትል ሊሰረዙ ይችላሉ" የሚል መልእክት መጣ። ጾም የሚለውን ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት፤ የረመዳን ብቻ ነው። የእኛው የለም። በቋንቋችን ያናግረናል እንጂ እኛን አያውቀንም።

"ምን ልበለው?" አልኩት ባለቤቴን።

"አዎ በዪውና ዝም ይበል።"

"ሳትበላ?"

"ጾሜን ለስልክ ልናዘዝ? ብረት እኮ ነው፤ እኔ ከብረት ጋር ነው የምውለው። ለብረት ቢዋሹ ንስሐ የለውም" አለና ሳቀ።

"መድኃኒቱስ? ዶክቶራዋ በጾም ወደ ማታ ታደርግልህ አልነበር?"

"ከስልኩ ውስጥ ያለችው እሷ አይደለችም እንዴ? ውሰድ ካለች አውቃ ነው።"

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው። እሷ ሳይነገራት ታውቅ ነበር፤ ስልኩም ሳይነገረው የሚያውቅ መሰለው። ግድግዳው ላይ ሐኪምዎ ተብሎ ተጽፎለታል፤ ያነበብኩለትም እኔ ነኝ። እኔ ማንበብ የምችለዋ ሴት፣ ያነበብኩትን አመንኩ። "አዎ"ን ተጫንኩ። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን።

እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙ በላብ ይርሳል፤ ያለ ነገሩ ይቆጣል። ዶክቶራዋ ጋ እንሂድ ስለው ስልኩን ያሳየኛል። "ይሄ ሁሉ ኮከብ ለታመመ ሰው ይሰጣል?"

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወርክሾፑ ውስጥ ወደቀ። አብሮት የሚሠራው ሱዳናዊ ሽማግሌ እንደነገረኝ፣ መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ይለፈልፍና ይስቅ ነበር። ሙቀት የመታው መስሏቸው ራሱ ላይ ውኃ አፈሰሱበት። ከዚያ መኪና ውስጥ አስገቡት፤ ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ሆስፒታል ስደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ጣቱን ወግቶ ጨርሶ፣ ስኳሩ ከልክ በላይ መውረዱን ነገረኝ።

"ሳይበላ ነው እንዴ መድኃኒት የወሰደው?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ስልኩ ቁርስ መብላቱን ጠየቀ።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች በራችንን አንኳኩ፤ ካሜራ ያንጠለጠለ፣ ጥሩ የለበሰ ሰውዬና አንዲት ልጅ። ሁለቱም ከኩባንያው ናቸው። ልጅቷን አወቅኋት፤ እናቷ የእኛው ሰው፣ የጽዋ ማኅበራችን አባል ናት፤ አባቷ ሱዳናዊ ነበር። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር ይማታባታል።

"ኻልቶ፣ አክስቴ፣ አላህ ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ" አለችኝ። "ባልሽ፣ ያኒ፣ በጣም ጎበዝ ነበረ። ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላመለጠውም፤ ኩሉ ኮከብ ነው። እንደሱ ያለ ሰው የለንም ወላሂ። ፊልም እየሠራን ነው። ትልቅ ሆቴል ውስጥ ለሚኒስቴር ሰዎች ይታያል። ከዚያ በየጤና ጣቢያው ሁሉ ይገባል፣ ኢንሻላህ። አንቺ ደግሞ ስልኩ እንዴት እንደተንከባከበው ትነግሪናለሽ። ሙቀት ባይገድለው ኖሮ..."

ሰውዬው ፈርሚ የሚል ወረቀት ዘረጋ። የባለቤቴን ፎቶግራፍና የእኔን ድምፅ ለመጠቀም ነው።

"ኮከቡ ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"ቁርስ በልቶ መድኃኒት ወሰደ ማለት ነዋ።"

"አልበላም ነበር።"

"እንዴት? አዎ ብሏልኮ።"

"አዎ ያልኩት እኔ ነኝ። እየጾመ ነበር።"

ልጅቷ ለሰውዬው በዐረብኛ ስትነግረው ካሜራውን ወደ ከረጢቱ መለሰ። ዐረብኛ እንደማውቅ ልብ ያለ አይመስለኝም፤ ወይም ግድ አልሰጠውም። "ሥርዓቱ በተነገረው መሠረት ሠርቷል" አላት። "ስሕተቱ የተጠቃሚው ነው። ንገሪያት፣ ይህን ካወራች ሰዉ የሚጠይቀው እሷን ነው።" ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

ልክ ነበር። ያ ነው ያቃጠለኝ። እሱ ሳይናገረውም ሌሊቱን ሁሉ ራሴን የምጠይቀው እኔው ነኝ።

ልጅቷ ከበሩ ተመለሰች። "ኻልቶ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እናቴም ስኳር አላት። እሷም ትጾማለች።"

"ስልኩን ማን ነው የሚጫንላት?"

"ፍልሰታ መቼ ነው የሚገባው?" አለች።

ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እናቷን ብቻ ጠርቼ መናገር እችል ነበር። ግን በማኅበሩ ውስጥ ስኳር ያለባት እሷ ብቻ አይደለችም፤ ማን ማን እንደሆነም አላውቅም። ይህንንም እንደ ጾም ይሰውሩታል። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ሁለት ገጽ፤ ለማንም ማመልከቻ እንደምጽፈው በቀላል ቃል። "ባለቤቴን ሙቀት አልገደለውም" ብዬ ጀመርኩ። "አዎ የሚለውን የተጫንኩት እኔ ነኝ" የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰርዤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። እሱን ትቼ ስልኩን ብቻ መክሰስ ይቻል ነበር። ያ ሰውዬ ግን አንድ ቀን መጥቶ የተውኳትን ቃል ይናገራታል፤ ከዚያ ወዲያ የቀረውን ማንም አያምነኝም።

የማርያም ጽዋ ማኅበራችን የሚውለው ዴም ውስጥ አንዲት ጠባብ ሳሎን ነበር። ጸሎቱ ሲያበቃ ተነሥቼ አነበብኩ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማራገቢያው ቆሟል፤ የወረቀቱ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል። ስጨርስ የልጅቷ እናት ከሁሉ ቀድማ ተናገረች።

"አንቺ ሴትዮ፣ የሞተ ሰው ጾም እንዴት በአደባባይ ይዘረገፋል? ውዳሴ ከንቱ ነው!"

"ስለሞተማ ነው" አልኳት።

"ባልሽን ገድለሽ እኛን ልታስፈስኪ ነው?"

ገድለሽ አለችኝ። ማንም አፏን አልያዘም። ቃሉን እኔ ከእሷ ቀድሜ አውቀዋለሁ።

ከማዕዘን የተቀመጡት አሮጊት፣ የማኅበሩ ታላቅ፣ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ። "ዝም በዪ! ከጎረቤት ይደበቃል፣ እሺ። ምጥ የያዛት ከአዋላጇ ትደበቃለች? እስቲ ስልክሽን አምጪው።"

"ለምን?"

"አምጪው አልኩሽ፤ ቦርሳሽ ውስጥ ብታቅፊው ጫጩት አይፈለፍልልሽም።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አላወጣችም። ያወጣችው ልጅዋ ናት፤ ከኋላ ቆማ እንደነበር አላየሁም። "እማ፣ ሰኔ ላይም አዎ ስልሽ ነበር። እየጾምሽ" አለች። ከዚያ አንዲት ሌላ ሴት ስልኳን ጭኗ ላይ አኖረች። ሌላዋም። በየስልኩ ላይ ረድፍ ረድፍ አረንጓዴ ኮከብ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሄድን። በመስኮቱ ያለው ሰው "ስልካችሁን ተከተሉ" ብሎ ሊመልሰን ነበር፤ አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ። ሲጮሁ ዶክቶራዋ ወጣች። እዚያው መተላለፊያው ላይ ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቀች፤ በዚህ ጊዜ ግን በቃል። የልጅቷን እናት ክኒን ለወጠችላት፤ "አንቺስ ባትጾሚ ነበር የምመርጠው" አለቻት። የሆነውን ከሴቶቹ ሰምታ ወደ እኔ ዞረች።

"ባልሽ ያን ጊዜ ለምን አልመጣም?"

"መምጣት አያስፈልግም ተባልን።"

"እኔም የተባልኩት እንደዚያ ነው" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ብትጨምር ደስ ባለኝ፤ ወይም ብታለቅስ።

ልጅቷ የእኔን ንባብ በድምፅ ቀድታው ነበር። አስፈቅዳኝ ለዘመድ ላከችው፤ ዘመድም ለዘመድ፤ እስከ ቡሪ ሰፈር ደረሰ፤ በዐረብኛም ተረጎመችው። ባለካሜራው ሰውዬ ደውሎ የኩባንያውን ስም አጠፋሽ አለኝ። የማንንም ስም አልጠራሁም ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። በሆቴሉ ስብሰባ ፊልሙ በሌላ ሽማግሌ ታየ። አንድ አዲስ ነገርም አስተዋወቁ፦ ስልኩ ከእንግዲህ "ጾም ላይ ነዎት?" ብሎ ይጠይቃል። "የሕዝቡን ባህል አጥንተን ያመጣነው" አሉ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ልጅቷ ከሥራው ከመልቀቋ በፊት ያየችው የመጨረሻ ነገር ይኸው ጭብጨባ ነው። ባለቤቴን ያነሣው ሰው አልነበረም። እንዴት ብለው ያነሡታል? ዋጋውን የከፈለ ሰው ካለ፣ ግኝቱ የእነሱ መሆኑ ይቀራል።

ፍልሰታ ሲፈታ የልጅቷ እናት ሳይታሰብ ቤቴ መጣች። ዶሮ ሠርታ በድስት ይዛ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ "ያን ቀን የወጣኝን..." ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ግቢ አልኳት። ማዕድ ላይ ተቀመጥን። ፊቷ ሞልቷል፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። "አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኔ ዛሬ የለሁም" አለችኝ።

ደስ አለኝ ብል እዋሻለሁ። ስትቆርስ፣ ስታጠቅስ፣ ስትጎርስ አየኋት፤ ቀናሁባት። ከእሱ ይልቅ አንቺ? አልኩ በሆዴ። የነገርኩሽን ለእሱ ስል ሄጄ ለመናገር አንድ ጠዋት ይበቃኝ ነበር፤ ዶክቶራዋ ያለችው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

"አንቺኮ አልበላሽም" አለችኝ።

"እበላለሁ" አልኳትና ወጥ ጨመርኩላት።