ክንፉ ለምን ይነቀላል?

ሊይዙኝ ሲመጡ የግራውን ክንፍ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። የቀኙ ገብቷል። ከጋራዥ ሥራ በተረፈኝ ሰዓት ሁለት ዓመት የለፋሁበት አውሮፕላን ነው፤ ሁለቱን ክንፍ ባንዴ ገጥሜ ላየው የነበረው ያን ቀን ነው። ስድስት ሆነው ገቡ። አለቃቸው ዞር ዞር ብሎ አየው፣ የቮልስ ሞተሩን በጫማው ነካ አደረገና «ጫኑት» አለ።

በየት አውጥተው? ቤታችን ሀዋሳ መሃል ከተማ ከሱቆች ጀርባ ነው፤ በበሩ ባጃጅ ራሱ መስታወቱን አጥፎ ነው የሚገባው። ገፉት፣ ክንፉ ከአጥሩ ቆርቆሮ ጋር ተላተመ። አለቃው ወደ እኔ ዞሮ «ክንፉን ንቀልልን» አለኝ። ካቴናውን ፈቱልኝ፣ ነቀልኩላቸው፣ መልሰው አሰሩኝ። ይቺን ያዙልኝ።

ገዢው ግንባር ገና ወንበሩ ላይ ነበር፤ ምርጫ ካለፈ ብዙም አልቆየም። ያኔ ሰው በፉጨትም ይታሰር ነበር፤ እኔማ አውሮፕላን ሠርቼ።

ክፍሏ አራት በአምስት ሜትር ብትሆን ነው። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ጠቁሯል። የሽንት ባልዲና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ጣራው ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ሲያርፍ ቆርቆሮው ሰው የሚራመድበት ይመስላል። ካቦው፣ የእስረኛው አለቃ ማለት ነው፣ አዲስ ገቢን በር ላይ አቁሞ ያስለፈልፋል።

«ኬዝህ ምንድነው?»

«አውሮፕላን።»

«ጠልፈህ ነው?»

«ሠርቼ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዱ «ስንት ሰው ይጭናል? ተመዝገቡ በለን እንጂ» አለኝ።

«አንድ ወንበር ነው ያለው። እሱም ተይዟል» አልኩት።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሳቁም። «ክንፉ የተበየደ ነው የሚነቀል?» አሉኝ።

ዞሬ አየኋቸው። በሁለት ዓመት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የሚጠይቁኝ «ጤነኛ ነህ?» ብለው ነበር።

«የሚነቀል ነው፣ ጋሼ።»

«ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

በፊተኛው መንግሥት የጦር አውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ሀዋሳ መጥተው ውሃ ፓምፕ ይጠግኑ ጀመር። የታሰሩት ልጃቸው ወረቀት በትኖ ስለጠፋ ነው፤ እሱ እስኪገኝ እሳቸው ይቀመጣሉ። ይሄን በሁለት ቃል ነግረውኝ ጨረሱ። ስለ ክንፍ ግን ሦስት ቀን አወራን።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ቃሌ ተጽፎ ጠብቆኛል፤ እኔ ገና ምንም አልተናገርኩም።

«ክንፉ ለምን ይነቀላል?»

«በሩ ጠባብ ነው። በአይሱዙ ጭኜ ጉዱማሌ ልወስደው ነበር።»

ጉዱማሌ ያልኩት ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ነው። እሱ የሰማው የዘመን መለወጫው በዓል፣ ፍቼ፣ ሲከበር እዚያ የሚሞላውን ሕዝብ ነው። «ሕዝብ ላይ ልትጥል?» አለኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ክንፉ የሚነቀለው አውሮፕላኑን ለመደበቅ ነው» ይላል። «ፈርም።»

ስምንተኛን አልጨረስኩም፣ ማንበብ ግን አያቅተኝም። «ለመደበቅ» የምትለዋ ከገባች ነገሩ ሽብር ነው፤ ስንት ዓመት እንደሚያስገባ ክፍላችን ውስጥ የማያውቅ የለም።

«እናንተስ ክንፉን ሳትነቅሉ ለምን አላወጣችሁትም?» አልኩት።

በጥፊ መለሰልኝ። አፌ ሁልጊዜ ጉንጬን ያስመታዋል።

ስመለስ ጋሼ ጉንጬን አዩ። «ብሎኑ የሚገባው ከላይ ነው ከታች?» አሉኝ።

«ከታች። ዳዶው ከላይ ሲሆን በመፍቻ ለማጥበቅ ይመቻል።»

ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው በሁለት ጣታቸው መሃል አስገቡት፤ ጣቶቹ አካሉ፣ ጫማው ክንፉ ነው። የመፋቂያ ስባሪ በጫማው ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ ሰደዱ።

«ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ዳዶው ላልቶ ወደቀ እንበል። ብሎኑ ወዴት ይሄዳል?»

መፋቂያውን ለቀቁት። ወደቀ።

«መሬት» አልኩ።

«አንተስ?»

ከኋላዬ ካቦው «እሱም መሬት» አለ። ሳናውቀው ክፍሉ በሙሉ ከቦን ነበር። ጋሼ መፋቂያውን አንስተው ከላይ ወደ ታች ሰደዱት። እጃቸውን አራገፉ። ወጣ ገባ አለ እንጂ አልወደቀም።

«ጭንቅላቱ ወደ ላይ። ዳዶው ቢጠፋ እንኳ ብሎኑ በክብደቱ ይቀመጣል። ከታች ደግሞ ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒሊያ፣ ያቺን ቀጭን ሽቦ፣ ሰክተህ ጫፏን ታጥፋለህ። መኪና ሲበላሽ ዳር ትይዛለህ። ሰማይ ላይ ዳር የለም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን የምገድልበትን ዕቃ ስሠራ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ባይይዙኝ ኖሮ እበርበት ነበር። ይሄን ለማንም አልነገርኩም፤ ፖሊሶቹን ያመሰገንኳቸው እንዳይመስላቸው።

በሦስተኛው ቀን አውሮፕላኑ ወዳለበት ወደ ጣቢያው ግቢ አወጡኝ። ካሜራ የያዘ ሰው ቆሟል። ክንፉ ሲገጠምና ሲነቀል ይቀረጻል ተባለ፤ ለማስረጃ። አራት ፖሊስ ክንፉን ያዙልኝ። ብሎኖቹን ገልብጬ ከላይ ከተትኩ።

«ኮፒሊያ አምጡልኝ» አልኩ። «አራት።»

«የለም። ዝም ብለህ ግጠም» አለ መርማሪው። «አይበርም እኮ።»

«ባይበርም ያለ ኮፒሊያ አልገጥምም።»

ካሜራው ዞሮብኛል፤ በጥፊ የሚመልስበት ሰዓት አይደለም። አንዱን ፖሊስ ላከው፣ ከአጥሩ ሽቦ ቆርጦ መጣ። በፒንሳ አራቱንም አጠፍኩ። ጋሼ እንዳሉኝ የክንፉን ጫፍ ይዤ ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅኩት። ቀጭ አላለም። መርማሪው ሳላስበው አጠገቤ መጥቶ እያየ ነበር።

«ቤትህ ባነሳነው ፎቶ ዳዶው ከላይ ነበር» አለኝ።

«ተሳስቼ ነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ሌላ ሥራ ሰጣችሁኝ?»

የሌላኛውን ክንፍ ጫፍ በእጁ ነካ፣ ትንሽ አነሳው። «ይበራል?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አላየሁትም። እናንተ መጣችሁ።»

ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ጓሮው መጋዘን ውሰዱት ብሎ አዘዘ። ገፉት። የጓሮው በር ላይ ክንፉ ተላተመ። ወደ ኋላ ሳቡት፣ በሰያፍ ሞከሩት፣ እንደገና ተላተመ። ካሜራ የያዘው ሰው ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ምላሴ ላይ ሦስት አራት ነገር መጣ። ዋጥኩት። በሕይወቴ አፌን የዘጋሁት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

መርማሪው በሩን አየ። ክንፉን አየ። «ንቀለው» አለኝ።

ነቀልኩት። ከዚያ ወረቀቱ መጣ። እስክሪብቶ ስጠኝ አልኩት። «ለመደበቅ» የምትለውን ሰርዤ በዚያ በተንጋደደ ጽሕፈቴ «በሩ ስለሚጠብ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። አነበበው፣ ጥፊውን ጠበቅኩ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ክፍል ስገባ ጋሼ ገና ከበሩ «ጭንቅላቱ?» አሉኝ።

«ወደ ላይ።»

«ቀጭ አለ?»

«አላለም።»

«በል ተቀመጥ» ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ከአራት ወር በኋላ ፍርድ ቤት ሳልቀርብ ለቀቁኝ። ለምን እንደያዙኝ ራሳቸው በደንብ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደለቀቁኝም እንደዚያው። ጋሼን እዚያው ትቻቸው ወጣሁ፤ ልጃቸው ይምጣ አይምጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አውሮፕላኑን አልመለሱልኝም። አንድ ጊዜ በጣቢያው በኩል ሳልፍ አንዱ ክንፍ ከዘብ ቤቱ በላይ ተሰቅሎ ለዘቡ ጥላ ሆኖ አየሁት። በምን እንዳሰሩት ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ሰው ስለሚያይ አልቆምኩም።

አሁን ባጃጅ እጠግናለሁ። ቀጥ ብሎ የሚቆም ብሎን ከመጣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጌ ነው የማስገባው። ደንበኛ «ምን ለውጥ አለው?» ይለኛል፤ «መሬት ላይ ብዙም የለውም» እለዋለሁ።

ግቢ ውስጥ አዲስ ክንፍ ጀምሬያለሁ። እናቴ ከበሩ ሆና ታየኛለች። በቀደም «ለምን በሩን አናሰፋውም?» አለችኝ።

አያስፈልግም አልኳት። ይነቀላል።