ምድጃ፣ ጠፍቷል

ባሌ ከቤት ሲወጣ ለምድጃው ይናገር ነበር። ፊት ለፊቱ ይቆምና ቀኝ እጁን ዘርግቶ እያንዳንዱን መክፈቻ በጣቱ እያሳየ «ምድጃ፣ ጠፍቷል» ይላል። ወደ መስኮቱ ይዞርና «መስኮት፣ ተዘግቷል»። መጨረሻ ላይ ፍሪጁ ላይ ወደምትቀመጠው ባለ ሰባት ክፍል የመድኃኒት መያዣ ይጠቁምና፣ ቀኑ ሰኞ ከሆነ «የሰኞ፣ ተውጧል» ይላል። መድኃኒቱ የደም ግፊት ነው። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ፣ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወደሚሠራበት የመኪና ፓርኪንግ በሜትሮ ባቡር ይሄዳል። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታችን አልጋዬ ውስጥ ሆኜ የምነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

ልማዱን ያመጣው ከጁባ ነው። ወደ አሜሪካ ከመምጣታችን በፊት እዚያ ሁለት ዓመት የግሬደር ኦፕሬተር ሆኖ ሠርቷል። አብረውት የሚሠሩት ለመልሶ ግንባታ የተላኩ የጃፓን ወታደሮች ነበሩ። እኔ ወታደር ሲባል የማውቀው የሚተኩሰውን ነው። እነዚህ ግን መንገድ ሊደለድሉና ቦይ ሊቆፍሩ የመጡ ናቸው። ጠመንጃ ቢይዙም ራሳቸውን ሊጠብቁበት እንጂ ሊዋጉበት አልነበረም። የአገሩ ሠራተኞች «ጠመንጃችሁን በአካፋ አትለውጡትም?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ከኋላ ያለውን መሬት አንድ በአንድ እየጠቆሙ ያዩትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። ባሌ የመጀመሪያውን ሳምንት ሲስቅ ከረመ። አንድ ቀን ግሬደሩን ወደ ኋላ ሊያንቀሳቅስ ሲል አጠገቡ የነበረው ወታደር ወደ ኋላ ጠቁሞ ጮኸ። አንድ የቀን ሠራተኛ የኋላው ጎማ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ምሳውን እየበላ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሳቀም። ሥራውን የሚያሳየው ሽማግሌ አሥር አለቃ በአስተርጓሚ «ጮክ የምንለው ለራሳችን ብቻ አይደለም» አለው። «አጠገብህ ያለው ሰው እንዲሰማህ ነው። ስትረሳ እሱ ያስታውስሃል።»

ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲነሳ ሥራው ቆመ፤ ወታደሮቹም ግቢያቸው ገቡ። ባሌ ተናደደ። «ወታደር አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ አሥር አለቃውን ጠየቀው። ሰውየው «የተላክነው ለመንገድ ነው» ብሎ አቀረቀረ። ተኩሱ ሲበርድ ተፈናቃዩ የሰፈረበትን ሜዳ አብረው ደለደሉ፤ ዝናቡ ሳይገባም ቦይ ቆፈሩለት። «ጦርነቱን አላቆሙም» ይለኝ ነበር ባሌ፣ «ጎርፉን ግን ከሰው መኝታ አዙረውታል። ይሄ ትንሽ ነው?»

ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ እንግዶች ይስቁበታል። አንድ ቀን ጎረቤታችን «ጋሼ፣ ምድጃው መልስ ይሰጥዎታል?» ስትለው «ከባልሽ ይሻላል፣ ምድጃው ቢያንስ ያዳምጣል» አላት። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ውስጤ ግን ያፍር ነበር።

ባለፈው ዓመት ልጃችንን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ሆነ። የሙሽራው ወንድም ከግሪንቤልት መጥቶ እኛ ጋ ያድራል፣ አጎትየው ቀደም ብለው ይመጣሉ ተባለ።

«በናትህ፣ ሰዎቹ እስኪሄዱ እንኳ አትጠቁም» አልኩት። «የታመምክ ይመስላቸዋል።»

«ምን ነውር አለው?»

«በሆድህ በለዋ!»

«በሆድ የተባለውን ማን ይሰማዋል?»

ቢሆንም እሺ አለኝ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ልጃችንን ሰጠን፣ ተመራርቀን ተለያየን። በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ ዝም አለ፤ በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ልማዱን ተወው ብዬ ደስ አለኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ደስ አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉኝ። ሆስፒታል «መድኃኒቱን ይወስዳል?» ብለው ሲጠይቁኝ «በየቀኑ» ብዬ መለስኩ። እውነት መስሎኝ ነው። ከቀብር ተመልሼ መያዣውን ሳነሳ ከቅዳሜው ሌላ የሐሙስና የዓርብ ክኒንም እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ሐኪም ብጠይቅ ሁለት ክኒን መዝለል ሰው አይገድልም ይለኝ ይሆናል። ይገድላል ቢለኝስ? አልጠየቅኩም። ቢናገር ኖሮ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማው ነበር፤ የሐሙስን ሳልሰማ ስቀር «አንተ፣ መድኃኒትህስ?» እለው ነበር። ያስታውሰው የነበረው የእኔ ጆሮ ነው። ጆሮዬን የደፈንኩትም እኔው ነኝ። መያዣውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ደበቅኩት። ልጄ «ማሚ፣ ዳዲ መድኃኒቱን በደንብ ይወስድ ነበር አይደል?» ስትለኝም «አዎ» አልኳት። ይህኛው እንኳ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ ልጄ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው ቤቷ እንድገባ ወሰነች። «ብቻሽንማ አትኖሪም፣ የአፓርትመንቱን ሊዝ ካንስል አድርጌዋለሁ» አለችኝ። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም።

ዕቃው ወጥቶ ባለቀበት ቀን ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆመች። «ሁሉንም ቼክ አድርገሻል?»

ወደ ወጥ ቤቱ ተመለስኩ። እጄ ሳላዘው ተዘረጋ። «ምድጃ፣ ጠፍቷል» አልኩ። ባዶ ቤት ድምፅ ያጎላል። «መስኮት፣ ተዘግቷል።»

ልጄ ከኋላዬ ሳቀች፤ «ኦ ማይ ጋድ፣ ልክ እንደ ዳዲ» ብላ ወዲያው ማልቀስ ጀመረች።

መያዣውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከአፓርትመንቱ ጋር በሚቀረው ፍሪጅ ላይ፣ የድሮ ቦታው አኖርኩት። ጠቆምኩ።

«የሐሙስ፣ አልተዋጠም። የዓርብ፣ አልተዋጠም።»

ልቅሶዋ ተቋረጠ። «ምን አልሽ?»

ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ጣቴን ሳላወርድ፣ አጠገቤ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩት።