«አማን ነው» ያልኩባት ቅዳሜ

ነጭናጫ ሰው ነኝ። ይህን ሚስቴም ታውቃለች፣ ተማሪዎቼም ያውቃሉ። ሻይ ሲቀዘቅዝ እናገራለሁ፤ ሚኒባስ ሲዘገይ እናገራለሁ፤ የተማሪ ደብተር ጥጉ ታጥፎ ባየው እንኳ ዝም ብዬ አላልፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ተራራ ስንወርድ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምነጫነጨው በጎማና በቸርኬ ነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ ሳልነጫነጭ ቀረሁ። ያቺን ቀን እስከዛሬ ሳስባት እደነግጣለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ እላለሁ።

ሦስት ነን። እኔ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛው ደሴ አራዳ ላይ ጨርቅ ይሸጣል። ሦስተኛው የሆስፒታል ነርስ ነው። ነጋዴው ፈጣን ስለሆነ ሁልጊዜ ከፊት ይወርዳል። ነርሱ ፓምፑን፣ መፍቻውንና ፋሻውን በጀርባው አዝሎ ከኋላ ይከተላል፤ «የወደቀ ሰው የሚያነሳው ከኋላው ያለው ነው» ይላል። እኔ መሐል ነኝ። ከደሴ እስከ ሐረጎ አፋፍ በአስፋልቱ እንሄድና ከዚያ አስፋልቱን ትተን አህያና ገበያተኛ በሚሄድበት በአሮጌው የእግር መንገድ ወደ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ በአንድ በኩል ገደል አለው። ጭጋጉ ከተገፈፈ የፋብሪካዎቹ ጣሪያና የአውሮፕላን ማረፊያው ከታች ይታያሉ፤ ግን እነሱን የሚያይ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ድንጋይ አያይም። ስንመለስ ብስክሌቶቻችንን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ አስጭነን ነው። ያን ዳገት በፔዳል የሚወጣ ጀግና በመካከላችን የለም።

ኮምቦልቻ ላይ ብስክሌታችንን የሚጠግኑልን አንድ ሽማግሌ አሉ። አንድ ቀን ሦስታችንንም ደርድረው አስቆሙንና የነጋዴውን የኋላ ጎማ ከፍ አድርገው የቸርኬውን ሽቦዎች በመፍቻ አንድ በአንድ መታ መታ አደረጉ። የጠበቀችው ሽቦ ጥርት ያለ ድምፅ ትሰጣለች፤ የላላችው እንደ ባዶ ጣሳ ዱብ ትላለች።

«ሰማችሁ?» አሉን። «ቸርኬ የሚቆመው በሽቦው ነው። አንዷ ስትላላ ጎረቤቷ የእሷን ሸክም ትሸከማለች። ጎረቤቷም ሲበዛባት ትበጠሳለች። ኸዚያ ወዲያ ቸርኬው ተጣሞ እናንተ ገደል ናችሁ። ግን የራሳችሁን አትዩ። ወላሂ፣ ሰው ለራሱ ብስክሌት ይዋሻል። መውረድ ያማረው ሰው የላላውን አይሰማም። አንዱ የአንዱን ይይ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐረጎ አፋፍ ስንደርስ ብስክሌት እንለዋወጣለን። የነጋዴውን እኔ አያለሁ፣ የእኔን ነርሱ፣ የነርሱን ነጋዴው። ያየው ሰው ሲጨርስ «አማን ነው» ይላል፤ ደህና ነው ለማለት። ይህ ቃል ሳይባል ማንም ኮርቻ ላይ አይወጣም።

እኔ ላይ ደግሞ ሌላም አደራ ነበረብኝ። የነጋዴው እናት ሌላ ልጅ የላቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ልጠራው ስሄድ ነጠላቸውን ደርበው በር ድረስ ይወጣሉ። «አንተ ታላቁ ነህ» ይሉኛል። «ይሄ ልጅ ለነፍሱ አያስብም። አንተ ታስብለታለህ። አደራህን።» እኔም በየሳምንቱ «አብሽሩ እማማ፣ አያስቡ» እላቸዋለሁ።

ጠባችን የተነሳው ከአዲስ ቸርኬ ነው። ነጋዴው ከአዲስ አበባ ጥንድ ቸርኬ አስመጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሁለት ጣት የሚነሳ፤ ሽቦው ደግሞ ጥቂት። የእኔ የብረት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ሽቦ አለው፣ ሁለት ጊዜ ቦይ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተቃንቷል፣ ሲነሳ ወገብ ይቆርጣል። ሻይ ቤት ተቀምጠን ሰው ሁሉ አዲሱን እየነካካ ሲያደንቅ እኔ አላስቻለኝም።

«ይሄ ለአስፋልት ነው» አልኩ። «የሐረጎ ድንጋይ ሁለት ቅዳሜ አያቆየውም።»

«አቦ ተወን!» አለ ነጋዴው። «ወላሂ ይሄ ምቀኝነት ነው።»

ሻይ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ነጭናጫ ቢሉኝ ግድ የለኝም፣ ስሜ ነው። ምቀኛ መባል ግን ከነከነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን በአጭሩ እየመለስኩ አኮረፍኩ። በዚህ ዕድሜዬ ማኩረፍ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ አውቄም አኮረፍኩ።

ቅዳሜ ደሴ በጭጋግ ተሸፍና አደረች። እናቱ በር ላይ አደራቸውን አሉኝ፤ እኔም አብሽሩ አልኩ። ሐረጎ አፋፍ ስንደርስ ነጋዴው ብስክሌቱን አቀበለኝ።

«እስቲ እይልኝ፣ ምቀኛው» አለና ሳቀ።

ሲቀልድ ነው። ያኔም መቀለዱን አውቄ ነበር። የነርሱን ብስክሌት አይቶ የጨረሰበትን መፍቻ ተቀብዬ የፊቱን ጎማ መታሁ፤ ጥርት አለ። የኋላውን ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ አንዷ ሽቦ ዱብ አለች። አጠገቧ ያለችውም ዱብ። ደግሜ መታኋቸው። ሁለቱም ላልተዋል። ልናገር አፌን ከፈትኩና ያ ቃል መጣብኝ። አሁን ላልቷል ብል ደግሞ ምቀኛ ሊለኝ ነው፣ ደግሞ ሊሳቅብኝ ነው። እንግዲህ ራሱ ይየው፣ አልኩ በሆዴ።

«አማን ነው» አልኩት።

ትንሽ ቆም ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ሄልሜቱን አጠለቀ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው ሐረጎን በብስክሌት ወርዶ አያውቅም። እኔማ ዝም እንኳ አላልኩም፤ ዋሸሁ። የጎማው ድምፅ ድንጋዩ ላይ እየራቀ ሲሄድ ነው ያደረግኩት ነገር የገባኝ። ነርሱ ጎንበስ ብሎ የእኔን ሽቦ ይመታ ነበር። ሳይጨርስ ብስክሌቴን ከእጁ ነጠቅኩት። «ኧረ ቆይ፣ አላየሁልህም!» ሲል ይሰማኛል። አልቆምኩም።

እንደዚያን ቀን ወርጄ አላውቅም። ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ ሁሉ ሳልይዝ አለፍኩ። ስሙን እየጠራሁ፣ ቁም እያልኩ፣ ድንጋዩ ጥርሴን እያንገጫገጨኝ ወረድኩ። ከፊቴ ሁለት ክንድ ያህል እንጂ አይታየኝም። በየኩርባው አሁን አገኘዋለሁ፣ አሁን እደርስበታለሁ እላለሁ። መንገዱ አስፋልቱን የሚገናኝበት ዋርካ ሥር፣ ሁልጊዜ ተቀምጦ በሚጠብቀን ቦታ ደረስኩ። የለም።

ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ደገምኩ፣ ያው ነው። ነርሱ እስኪመጣ ያቺ ዛፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደዞርኩ አላውቅም። ሲደርስ «ነጋዴው የታል?» አለኝ። እኔም እኩል «አንተ ጋር አይደለም?» አልኩት። ተያየን። ከእኔ ፊት ወርዷል፤ ነርሱ ከኋላ መጥቷል፤ በሁለታችን መካከል ደግሞ ገደል ብቻ ነው ያለው። ቆሌዬ ተገፈፈ።

«ሁለት ሽቦ ላልቶ ነበር» አልኩት። «እያወቅኩ ነው አማን ነው ያልኩት።»

ነርሱ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በወደድኩ። ቦርሳውን ከፍቶ ፋሻው መኖሩን አየ፣ መልሶ ዘጋው፣ «እንውጣ» አለ።

ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ወጣን። ጭጋጉ መገፈፍ ጀምሮ ነበር። ገደሉ ጋ በደረስን ቁጥር እየተፈራረቅን ጫፉ ላይ ተንበርክከን ወደ ታች እናያለን። አንድ ቦታ ቁጥቋጦ ውስጥ ጥቁር ነገር አየሁና «ያውና!» ብዬ ጮህኩ፤ የተጣለ ፌስታል ነው። እግሬ ይራመዳል፣ ሐሳቤ ግን እናቱ በር ላይ ነበር። እሳቸው ነጠላቸውን ደርበው ቆመዋል፣ እኔ ብቻዬን መጥቻለሁ። ምን እላለሁ? ልጅዎ ምቀኛ ስላለኝ ልበላቸው? አምላኬን እንደዚያን ቀን ለምኜው አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን አሰማኝ፣ ሁለተኛ አላኮርፍም አልኩ።

ግማሹን እንደወጣን አንድ ሽማግሌ ገበሬ አህያቸውን እየነዱ ወደ ገበያ ሲወርዱ አገኘናቸው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አላደረስኩም።

«አባቴ፣ ብስክሌት የያዘ ሰው አላዩም?»

«ጥቁር የብረት ቆብ ያረገውን?»

«አዎ! እሱን!»

«እሱማ ኸኔ ቤት ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ያችን ብስክሌት ግቢ ውስጥ እግሯን ወደ ሰማይ ገልብጦ በማንኪያ ሲቆረቁራት ነው ያረፈደው። ቂጣ ሳትበላ አትሄድም ብዬ ለቤቶቹ አደራ ብያቸው ነው የወጣሁ።»

መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። እንባዬ መጣ፣ አላቆምኩትም።

«ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉኝ።

«ኧረ ደህና ነኝ አባቴ። እድሜ ይስጥዎት። ደህና ነኝ።»

ነርሱ አጠገቤ ቆሞ እፎይታው በሳቅ ወጣለት፤ እየሳቀ ፊቱን በእጁ ይጠርጋል። ሽማግሌው ሁለታችንን እያፈራረቁ አዩን። «አብሽሩ» ብለው አህያቸውን ነዱ።

የሽማግሌው ቤት ከአፋፉ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ነው፤ ቁልቋል አጥር ስላለው ከመንገዱ አይታይም። ስንገባ ነጋዴው ቂጣ በእጁ ይዞ በተገለበጠው ብስክሌት ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ነው። ጭረት እንኳ የለውም።

«መፍቻ አምጣ» አለው ነርሱን። «ሁለቱ ላልተዋል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው? ስታልፍ ጠራሁህ እኮ። እንዳበደ ሰው እየጮህክ ወረድክ። ነርሱን ልጠብቅ ስል ሽማግሌው ቤት ግባ ብለው ያዙኝ፣ እሱም አለፈኝ። ስልኬ ተዘግቷል። ትመለሳላችሁ ብዬ ተቀመጥኩ።»

«ሰምቻቸው ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሽቦዎቹን። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። ደግሜም መትቻቸዋለሁ። አውቄ ነው አማን ነው ያልኩህ።»

ቂጣውን ሰሃን ላይ አስቀመጠ። «አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት?»

«አንተ አንድ ቀን እንኳ እንዲሁ አማን ነው ብለህ አታውቅም። ጎማህ አየር አነሰው፣ ፍሬንህ ይጮሃል፣ ካቴናህ ዘይት የለውም፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ፤ ይሄን ሁሉ ሰድበኸኝ ነው አማን ነው የምትለኝ። ዛሬ ግን አንድ ቃል ሳትነጫነጭ። መጀመሪያው ኩርባ ላይ ትዝ አለኝ። ሁለተኛው ላይ ወላሂ ፈራሁ። ከብስክሌቱ ወረድኩ።» ቀና ብሎ አየኝና «ባልወርድስ?» አለኝ።

«አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ነርሱ መፍቻውን አውጥቶ ሽቦዎቹን ሲያጠብቅ፣ ሲመታ፣ ደግሞ ሲያጠብቅ ሁለታችንም እሱን አየን። ሁለቱም ጥርት ማለት ሲጀምሩ ነጋዴው የተረፈውን ቂጣ ቆርሶ ሰጠኝ። «አፉ ብያለሁ» አለ። «ብላ። እኔም ሰው ፊት ምቀኛ ማለት አልነበረብኝም።» እንደዚያ ቂጣ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። ጨው አንሶት ነበር፤ ግን አልተናገርኩም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ጠጋኙ ሽማግሌ ጎማውን አዙረው አዙረው አዩትና ጭራሽ አመሰገኑት። አዲስ ሽቦ በመጀመሪያው ሳምንት ቦታውን ሲይዝ ይላላል፤ አንዴ እንደገና ካጠበቁት ብዙ ዓመት ያገለግላል አሉ። ቸርኬው ምንም አልጎደለውም። ሁለት ቅዳሜ አይቆይም ያልኩት እኔ ተሳስቻለሁ። እውነትም ይኸው እስከዛሬ አለ፤ የእኔ ብረት ግን በዚያ ቀን አወራረዴ ተጣሞ ሦስተኛ መቃናቱን ተቃና።

ማታ ደሴ ስንገባ እናቱ በር ላይ ነበሩ። «አማን ዋላችሁ?» አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጃቸው ቀደመኝ። «አማን ነን እማ» አላቸው። እሳቸውም «ተባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ደግሞ ልጃቸው አጠገቤ ቆሟል፣ ራበኝ እያለ ነው፣ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐረጎ አፋፍ ላይ ብስክሌቱን አቀበለኝ። የፊቱን መታሁ፣ የኋላውን መታሁ። ከመጀመሪያው ደግሜ መታሁ። አንድም የላላ የለም። «አማን ነው» ልል ብዬ ቀና ስል ሁለቱም አፌን ያያሉ፤ ነጋዴው ሄልሜቱን በእጁ እንደያዘ ነው፣ አላጠለቀም።

«ፍሬንህ ይጮሃል» አልኩት። «ኮርቻህም ከፍ ብሏል። ይሄንንስ ጭቃ ማን እንዲያጥብልህ ነው የምትጠብቀው? ምን ዓይነት ሰው ነህ? አማን ነው፣ ሂድ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና ሄልሜቱን አጠለቀ።