በመስታወቱ ላይ የቀረው ክብ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናቲ ለዓይኔ ሐኪም ቤት ወስዶኝ ተራ ስንጠብቅ፣ ክፍሉ ጥግ ላይ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አየሁ። አየሁ ማለቴ ያው ብርሃኑንና ቀለሙን ነው፤ ሞራ ከጋረደኝ ወዲህ ሁሉም ነገር ጉም ለብሷል። የፓምፑን ድምፅና የጨው ውሃውን ሽታ ግን ወዲያው አወቅኩት። ሰው ዓሣ አይቶ ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ሮም፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ቤት እያደርኩ እሠራ ነበር። እዚህ አገር ሰው በሙያው ይጠራልና ኢንጄኜሬ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ከጥላና ከብርሃን በቀር አይለይም፤ ሳሎናቸው ውስጥ ግን እኔን አስተኝቶ የሚተርፍ የኮራል ገንዳ ነበራቸው። መሀሉ ላይ ጣት የመሰሉ ነገሮቹን ቀኑን ሙሉ የሚያወዛውዝ አንድ ትልቅ ኮራል፣ ድንጋይ መስሎ የሚኖር የባሕር እንስሳ፣ አለ፤ የገዙት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ኢንጄኜሬ ጠዋት የኮራሉን ጥላ ሲወዛወዝ ካላዩ ቁርስ አይቀምሱም።

አንድ የጸደይ ቀን ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው አሮጌ ፓምፕ ተቃጠለና ክንዳቸውን ይዤ አዲስ ልንገዛ ወጣን። ባለሱቁ አንድ ኃይለኛ ፓምፕ ሊያሸክመን ሲጎተጉት እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሕር ውስጥ ውሃ ከአንድ ወገን ብቻ አይመጣም» ብለው ሁለት መካከለኛ አስመረጡኝ። ቤት ስንገባ ክንዴን እስከ ብብቴ ነክሬ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ፣ ከኋላው መስታወት ላይ ከፍ አድርጌ ለጠፍኳቸው፤ ግፊታቸው መሀል ላይ ተገናኝቶ እንዲበተን፤ ቀጥታ ከመታው የኮራሉ ሥጋ ይገፈፋል። ከዚያ የዓሣ ምግብ ቆንጥሬ እበትንና ፍርፋሪው የት እንደሚሄድ እነግራቸዋለሁ።

«ከድንጋዩ ኋላ ቆመ።»

«አሎራ፣ እንግዲህ የግራውን ትንሽ ወደ ላይ አዙሪው።»

«አሁን ይዞራል። ኮራሉንም ፊት ለፊት አይመታውም።»

«ቫ ቤኔ፣ ጥሩ ነው» አሉና እጄን ዳበሱ። «ዓይኔ እኮ አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የበሰለ ካርቾፎ የሚሉትን አትክልት ሠርቼ በአንድ ጠረጴዛ በላን። ካርቾፎ እስከ ዛሬ እወዳለሁ፤ እሱ እንኳ ምን አጠፋ።

ናቲ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አዲስ አበባ እናቴ ጋር ትቼው ነው የመጣሁት። ኢንጄኜሬ ቋሚ ኮንትራት ሊፈርሙልኝ ቃል ገብተውልኛል። በእሱ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አሳድሳለሁ፣ ልጄንም አመጣለሁ። ይህን ስጠብቅ እናቴ ሞተች።

እኛ ሮም በሰው ቤት የምንሠራ አበሾች ዘንድ ባለሥራ አገር ቤት ሲሄድ በቦታው ምትክ ያስገባል። የሚያምኑትን ያስገባሉ፣ ሲመለሱ ይለቅላቸዋል፤ ደንቡ ይኸው ነው። እኔም ወይንሸትን አስገባሁ። ወይንሸት የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ የምናርፍባትን የፒኜቶ ሰፈር ክፍል አብራኝ ተከራይታለች፣ ከአንድ ትሪ በልተናል። ሌላ ማንን ላስብ?

«ፓምፖቹን ብቻ እንዳትነኪብኝ» አልኳት።

«ኧረ በማርያም! ምን ቆርጦኝ!»

ከአዲስ አበባ ስደውልላት «ስንድዬ፣ አትቸኩይ። አልቅሰሽ ይውጣልሽ፣ ልጅሽንም ጥገቢው፤ እዚህ ሁሉ ሰላም ነው» ትለኛለች። እኔ ሞኟ፣ ምን ዓይነት ደግ ሰው ሰጠኝ እያልኩ መረቅኳት። የእናቴን ተዝካር አወጣሁ። ናቲን ለእህቴ አደራ ሰጥቼ፣ «እንደደረስኩ አስመጣሃለሁ» ብዬ ማልኩለት። ለወይንሸት በርበሬና ድርቆሽ ተሸክሜ፣ አስፋልቱ በሙቀት በሚቀልጥበት ነሐሴ ሮም ገባሁ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። እግሯ ላይ የእኔ ነጠላ ጫማ። አልሳመችኝም። «ኢንጄኜሬ ተቆጥተዋል» ብላኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ትልቁ ኮራል ሥጋው ተገፎ ነጭ አጥንት ሆኗል። ኢንጄኜሬ አጠገቡ ተቀምጠዋል። «ፓምፑን ወደ እሱ አዙረሽ ነው የሄድሽው» አሉኝ፤ «ወይንሸት ነገረችኝ።»

አየሁ። የግራው ፓምፕ ወርዶ ኮራሉን ፊት ለፊት ይነፋዋል። ስታጸዳ ነቅላው፣ እጇ የደረሰበት ቦታ መልሳ ለጥፋዋለች። ይህስ ይሁን፤ ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን የኋላውን መስታወት ስለማንፍቀው ሮዝ ቅርፊት ለብሷል፤ ፓምፑ ለወራት ተለጥፎ የኖረበት ቦታ ብቻ፣ ከላይ፣ ንጹሕ ክብ ሆኖ ቀርቷል። ዓይን ላለው ሰው ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

«ይኸውልዎ! ምልክቱ ይኸው፣ ከዚህ ተነቅሎ ነው!» ብዬ እጃቸውን ወስጄ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩት። ክቡ በውስጥ በኩል ነው፤ በጣታቸው ምን ሊዳስሱ? ወደ ወይንሸት ዞሩ።

«እስቲ አንቺ እዪልኝ። ክብ ምልክት አለ?»

ጠጋ አለች። ዓይኗ ክቡ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ፤ ይህን ማንም አይነግረኝም። ልቤ እፎይ አለ። በቃ፣ አሁን ትናገራለች አልኩ። እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ምንም የለም፣ ኢንጄኜሬ» አለች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አወዳደቁን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ኮንትራቱ የእሷ ሆነ። የበርበሬውን ከረጢት እንደያዝኩ ወርጄ ትራም ማቆሚያው ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሌላ ቋሚ ሥራ እስካገኝ ብዙ ዓመት አለፈ። ናቲ ሮም ሲገባ ጢም አብቅሎ ነበር።

ሐኪም ቤት ሆኜ ይህን ሁሉ ሳብሰለስል አላስችል አለኝ። ተነሥቼ ገንዳው ላይ ፊቴን ለጠፍኩ። ከብርሃን በቀር ምንም አይለይልኝም።

«ናቲ፣ እስቲ እይልኝ። ውሃውን የሚነፋው ነገር ወደ ኮራሉ ዞሯል?»

ከስልኩ ቀና ብሎ አየ። «ወደ ላይ ነው ስንዱ፤ ኮራሉን አይነካውም።»

ስንዱ ነው የሚለኝ። እማዬ የሚለው ያሳደገችውን እህቴን ነው።

አመንኩት። አላምንም ብልስ በማን ዓይን ላጣራ? ኢንጄኜሬንም ነፍሳቸውን ይማር ብዬ፣ እዚያው ቆሜ፣ ከስንት ዘመን በኋላ ይቅር አልኳቸው። የነገሯቸውን ከማመን ሌላ ምን ነበራቸው?

የወይንሸት ዓይን ግን ጤነኛ ነበር።